ያለ ነፋስ የሚንኮሻኮሽ ፌስታል

የኒው ዮርክ አይጥ የምትወጣው ሲመሽ ነው። በዚያ ሰዓት የየሕንፃው ሠራተኛ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታሎችን ከምድር ቤት እየጎተተ አውጥቶ በእግረኛው መንገድ ዳር ይከምራል። ክምሩ አንዳንዴ ጉልበት፣ አንዳንዴ ደረት ይደርሳል። ነፋስ የለም፤ የዛፍ ቅጠል አይነቃነቅም። ከክምሩ መሀል ግን አንዱ ፌስታል ኮሽ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሌላው ይመልስለታል።

በዚህ ጊዜ ነባሩን ነዋሪ ከእንግዳው ለመለየት መታወቂያ መጠየቅ አያስፈልግም። እንግዳው ቆሞ ያፈጣል። ነባሩ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ ወሬውንም ሳያቋርጥ፣ ሁለት እርምጃ ወደ አስፋልቱ ፈቀቅ ብሎ ያልፋል። ሁለቱ እርምጃዎች በየትኛውም ሕግ አልተጻፉም፤ ሰውና አይጥ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲጎራበቱ የተግባቡባቸው ናቸው።

በአማርኛ «አይጥ» ሲባል መጀመሪያ የምትታሰበው ሌሊት ኮርኒስ ላይ የምትሯሯጠውና የጤፍ ከረጢት የምትቀደው ትንሿ ፍጥረት ናት። የኒው ዮርኳ ከእሷ ትገዝፋለች፤ «አይጠ መጎጥ» የሚለው ስም ይበልጥ ይስማማታል። ቀለሟ ቡናማ፣ ጅራቷ መላጣ፣ ያደገችው ክብደቷ ከ300 እስከ 500 ግራም ነው። «ድመት ታክላለች» ብለው የሚምሉ ሰዎች የመዘኑት አይጧን ሳይሆን ድንጋጤያቸውን ነው።

በሳይንስ ስሟ «የኖርዌይ አይጥ» ትባላለች። ስሙ የወጣላት እንግሊዝ አገር ነው፤ በ1769 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆን በርክንሃውት የተባለ ሰው ከኖርዌይ መርከቦች ጋር ገባች ብሎ አምኖ ሰየማት። የትውልድ አገሯ ግን ወደ ሰሜን ቻይናና ሞንጎሊያ ነው። ኖርዌይ ባልበላችው እስከ ዛሬ ትከፍላለች።

ወደ ኒው ዮርክ የደረሰችው በ18ኛው መቶ ዘመን፣ በአውሮፓ መርከቦች ሆድ ውስጥ ነው። ቀድማት የገባች ጥቁር አይጥ ነበረች፤ ቡናማዋ እሷን ገፍታ ከተማውን ወረሰች። በዚህም ከሌሎቹ መጤዎች ብዙ አልተለየችም፤ አንድ ትውልድ ካለፈ በኋላ የሰፈሩ ተወላጅ ሆና ቁጭ አለች።

ለከተማ ኑሮ የሚያስፈልጋት ሁሉ ተሰጥቷታል። የፊት ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድጉ ሳታኝክ መኖር አትችልም። አንድ ሩብ ዶላር ሳንቲም በሚያህል ቀዳዳ ትሾልካለች፤ በፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ትዋኛለች። የምታረግዘው ለሦስት ሳምንት ያህል ነው፤ በአንድ ጊዜ 8፣ 10፣ አንዳንዴም 12 ትወልዳለች፤ ልጆቿም በሦስት ወር ውስጥ ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። የአያትነት ማዕረግ በኒው ዮርክ እንዲህ በፍጥነት የሚገኝበት ሌላ ቤተሰብ የለም።

ጉድጓዷም በዕቅድ የተሠራ ነው። ከዋናው በር ሌላ በሣር ወይም በላላ አፈር የተከደነ የማምለጫ ቀዳዳ አለው። በከተማው የኪራይ ቤት ባለንብረቶችን ሕግ የእሳት ማምለጫ እንዲሠሩ ማስገደድ የጀመረው በ1860ዎቹ ነው፤ ያውም ከብዙ ክርክር በኋላ። አይጧ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ታከብረው ነበር።

አንድ ጠባይዋ ግን ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል ይገባል፤ አዲስ ነገር አታምንም። በምትሄድበት መንገድ ላይ ትናንት ያልነበረ ሳጥን ዛሬ ቢቀመጥ ለቀናት ዞራው ታልፋለች። ሌላዋ ቀምሳ ምንም ካልሆነች፣ እሷም ጠጋ ብላ ከጠርዙ ትቀምሳለች። ወጥመድ የሚያጠምድ ሰው ችኩል ከሆነ የሚይዘው የራሱን ጣት ነው።

ቁጥሯን በተመለከተ ኒው ዮርክ ውስጥ «ለአንድ ሰው አንዲት አይጥ» የሚል አባባል አለ። በዚህ ስሌት ስምንት ሚሊዮን የሚያህል ሰው ያላት ከተማ የዚያኑ ያህል አይጥ አላት ማለት ነው። ሒሳቡ የተወለደው ግን እንግሊዝ ነው። በ1909 ደብልዩ አር ቦልተር የተባለ ጸሐፊ የገጠር ሰዎችን ጠያይቆ፣ በአንድ ኤከር እርሻ አንዲት አይጥ ብትገመት አይበዛም የሚል መልስ አገኘ። እርሻው 40 ሚሊዮን ኤከር ነበርና አይጡም 40 ሚሊዮን ሆነ። ሕዝቡም እንዳጋጣሚ ወደ 40 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ከዚያ ወዲያ ኤከሩ ተረሳ፤ ሰውና አይጥ እኩል ተቆጥረው ቀሩ። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ እንዲሉ፣ አንዱ ጋዜጣ ሌላውን እየጠቀሰ አባባሉ ውቅያኖስ ተሻገረ።

ቁጭ ብለው የቆጠሩ ሰዎች ሌላ ቁጥር አላቸው። በ1950 ገደማ ዴቪድ ዴቪስ የተባለ የአይጥ ተመራማሪ የኒው ዮርክን አይጥ 250,000 ብሎ ገመተ፤ ከሠላሳ ለሚበልጥ ሰው አንዲት፣ ማለትም ለአንድ መለስተኛ ዕድር አንዲት አይጥ። በ2014 ደግሞ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ተማሪ የነበረው ጆናታን አወርባክ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ናቸው አለ።

የአወርባክ ችግር የዘዴ ነበር። እንስሳ የሚቆጠረው ይዞ፣ ምልክት አድርጎ፣ ለቅቆ፣ እንደገና በመያዝ ነው። የከተማው ጤና መሥሪያ ቤት ግን አይጥ በገፍ ወደ መንገድ የሚለቅ ጥናት ይፈቅዳል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ተማሪው አይጧን ትቶ አቤቱታዋን ቆጠረ፤ ነዋሪዎች ለከተማው አስተዳደር ካቀረቡት ጥቆማ ተነስቶ አሰላ። አንድን ጎረቤት በራሱ ሳይሆን በሚያስነሳው ሐሜት መቁጠር እንደማለት ነው፤ ሰፈር የሚያውቅ ሰው ዘዴው እንደሚሠራ አይጠራጠርም።

ሰፈር ከተነሳ፣ አይጦቹም አላቸው። በ2017 በታተመ ጥናት ማቲው ኮምብስና ጄሰን ሙንሺ-ሳውዝ የተባሉ የፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከማንሃተን ደሴት ጫፍ እስከ ጫፍ ከ250 በላይ አይጦችን ይዘው ዘራቸውን መረመሩ። የላይኛው ማንሃተን አይጥና የታችኛው ማንሃተን አይጥ በዘር የሚለዩ ሆነው ተገኙ። አብዛኞቹ ከተወለዱበት 200 ሜትር ያህል እንኳ አይርቁም። መሀል ላይ ያለው ሚድታውን ቢሮና ሱቅ እንጂ መኖሪያ ብዙ የለበትም፤ የቤት ቆሻሻው ስለሚያንስ በሁለቱ ወገኖች መካከል እንደ በረሃ ሆኖ ይለያያቸዋል።

ይህ ግኝት ያስገረመው ሳይንቲስቶችን ብቻ ነው። የታችኛው ማንሃተን ሰው ወዳጁ ወደ ላይኛው ሰፈር ቤት ሲቀይር እንደ ተሰደደ ቆጥሮ ነው የሚሸኘው።

አይጧ ይህን ሁሉ ዘመን የኖረችው በብልጠቷ ብቻ አይደለም። ገበታው ተዘርግቶላት ነው። ነገሩ የሚጀምረው በ1811 በወጣው የማንሃተን ፕላን ነው። ፕላኑ ደሴቲቱን በጎዳናዎች ልክ እንደ ዳማ ሰሌዳ ሲከፋፍል፣ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ከቤቶች ጀርባ የሚገኘውን የጓሮ መንገድ ሳይተው ቀረ። መሬቱ ለሽያጭ ውድ ነበር። የጓሮ መንገድ የሌለው ቤት ቆሻሻውን የሚያወጣው በፊት ለፊት በር ነው፤ እንግዳ በሚገባበት።

ለረጅም ጊዜ ቆሻሻው የሚወጣው በብረት በርሜል ነበር። በርሜሉ ከባድ ነው፤ ሲጋጭ በሌሊት ሰፈር ይቀሰቅሳል። በፌብሩዋሪ 1968 የጽዳት ሠራተኞች ለ9 ቀን ሥራ ሲያቆሙ 100,000 ቶን የሚጠጋ ቆሻሻ በየመንገዱ ተቆለለ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ከተማው ወደ ፌስታል ዞረ። ፌስታል ቀላል ነው፤ አይንኳኳም፤ ባዶውን የሚመልሰው ሰው አያስፈልገውም። ሁሉም ተደሰተ። የተረሳ አንድ ፈተና ነበር፤ የጥርስ።

እንዲህ ሆኖ በዓለም ረጃጅም ሕንፃዎችን የሠራች ከተማ እራቷን በቀጭን ላስቲክ ጠቅልላ መንገድ ዳር ማስቀመጥ ጀመረች። ለግማሽ ምዕተ ዓመትም ገበታውን እያነጠፈች እንግዳውን ስትራገም ኖረች። በአይጥ ላይ ያወጀቻቸው ጦርነቶች ሁሉ መነበብ ያለባቸው ይህን ፌስታል ከፊት አድርጎ ነው።

የመጀመሪያዋ ዘማች ድመት ናት። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይባላል። በ2018 የታተመ ጥናት ይህን ተረት በብሩክሊን ክፍለ ከተማ አንድ የቆሻሻ ማቀነባበሪያ ውስጥ ፈትኖታል። በዚያ ከመቶ በላይ አይጦች ይኖራሉ፤ ድመቶችም ገብተው ነበር። ካሜራ ለ79 ቀን ተተክሎ 306 ቪዲዮ ተቀረጸ። ድመቶቹ የገደሏቸው አይጦች ብዛት ሁለት ነው።

አብዛኞቹ ቪዲዮዎች አደን አያሳዩም። ድመት ትንሿን አይጥና ወፍን ታድናለች፤ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ የቀረው፣ ጥርሱን የሚያሳይ እራት ግን አይስባትም። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ የሚለው አባባል ኒው ዮርክ ሲደርስ ይከሽፋል፤ የብሩክሊን ድመት ሳትመነኩስ ረስታዋለች።

ሁለተኛው ዘማች መርዝ ነው፤ በአማርኛ በትሕትና «የአይጥ መድኃኒት» የሚባለው። አመጣጡ ከአይጥ ጋር አይገናኝም። በ1930ዎቹ በዊስኮንሲን የተበላሸ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልረጋ እያለ ያልቁ ነበር። በዚያው ግዛት ዩኒቨርሲቲ ካርል ሊንክ የተባለ የኬሚስትሪ ምሁር ምክንያቱን ፈልፍሎ አወጣ፤ ከዚያ ሥራ የተገኘው ዋርፋሪን በ1948 የአይጥ ማጥፊያ ሆኖ ገበያ ወጣ። ብልሃቱ መዘግየቱ ነው። የበላችው ወዲያው አትሞትም፤ ተጠራጣሪዎቹ ዘመዶቿ ታዝበው ምንም አላገኛትም ብለው ይበላሉ። አይጥ ደግሞ የዋጠችውን ማስታወክ አትችልም።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይኸው ንጥረ ነገር ደሙ ለሚረጋበት ሰው ይታዘዝ ጀመር። በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ ዋርፋሪን ወስደዋል። ሌላው ዓለም ተገረመ፤ አማርኛ ግን ነገሩን ቀድሞ «መድኃኒት» ብሎት ስለነበር ስም መቀየር አላስፈለገውም።

የመርዝ ችግር በበላው ሆድ ውስጥ አለመቅረቱ ነው። በፌብሩዋሪ 2023 በሴንትራል ፓርክ ካለው የእንስሳት ማቆያ ፍላኮ የተባለ ትልቅ ጉጉት አንድ ያልታወቀ ሰው የጎጆውን መረብ ስለቀደደለት አመለጠ። ዕድሜውን በሙሉ ሲመገብ የኖረው ከሰው እጅ ነበር። አድኖ መብላት አይችልም ተብሎ ተፈርቶለት ነበር፤ በጥቂት ቀን አይጥ ማደን ለመደ፤ ከተማውም በሙሉ አንጋጦ ይመለከተው ጀመር። ከዓመት በኋላ ከሕንፃ ጋር ተጋጭቶ ወድቆ ሞተ። ሲመረመር ከርግብ የተላለፈ ቫይረስ፣ በሰውነቱም ውስጥ አራት ዓይነት የአይጥ መርዝ ተገኘበት።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚለው ተረት እንዲህ ቃል በቃል ሲፈጸም አይታይም። ደመወዝ ሳይጠይቅ አይጥ የሚይዝ አንድ ሠራተኛ ተገኘ፤ የሞተው እሱ ነው።

ሌሎችም ዘዴዎች ተሞክረዋል። ደረቅ በረዶ በጉድጓዳቸው ተጨምሮ በጋዙ እንዲታፈኑ ተደርጓል። በ2019 ያኔ የብሩክሊን አስተዳዳሪ የነበሩት ኤሪክ አዳምስ ጋዜጠኞችን ጠርተው አይጥን በምግብ አማልሎ አልኮል ያለበት ባልዲ ውስጥ የሚጥል ማሽን አሳዩ። ክዳኑ ተከፍቶ የተጠራቀመው ሲታይ፣ ከጋዜጠኞቹ ብዙዎቹ ፊታቸውን አዞሩ።

አዳምስ በኋላ የኒው ዮርክ ከንቲባ ሆኑ፤ አይጥን እንደሚጠሉም በየመድረኩ ተናገሩ። አይጧ መልሷን የሰጠችው በቤታቸው ነው። በ2022 በብሩክሊን ባላቸው ቤት የአይጥ ምልክት ተገኝቶ የራሳቸው አስተዳደር የጤና መሥሪያ ቤት 300 ዶላር የሚያስቀጣ ክስ ጻፈባቸው። ከንቲባው ለማጥፊያ ወደ 7,000 ዶላር ማውጣታቸውን ገልጸው ተከራከሩ፤ በዲሴምበር ክሱ ተሰረዘላቸው። በማግስቱ ተቆጣጣሪ መጥቶ አዲስ ክስ ጻፈ። ለሥልጣን ያላደላ መሥሪያ ቤት ማየት ያስደስታል፤ ለሥልጣን ያላደላች አይጥም እንዲሁ።

በዚያው ሰሞን ከተማው አይጥን የሚመራ ሳይሆን የሚያስመርር ሹም በማስታወቂያ ይፈልግ ነበር። ደመወዙ በዓመት ከ120,000 እስከ 170,000 ዶላር፣ ከሚፈለጉት ጠባዮች አንዱ «ደም የተጠማ» መሆን ነበር። በኤፕሪል 2023 ሹመቱ ለካትሊን ኮራዲ ተሰጠ፤ ሹሟ ደም የተጠማች ሳትሆን የቀድሞ አስተማሪ ነበረች። ይፋዊ ማዕረጓ ረጅም ስለነበረ ሕዝቡ የሩሲያን ነገሥታት አስታውሶ «የአይጥ ዛር» አላት።

ይህ ስም ለአማርኛ ጆሮ ሌላ ነገር ነው። ዛር ቡና ይፈላለታል፣ ዕጣን ይጨስለታል፣ ገብስማ ዶሮ ይታረድለታል፤ የጠየቀው ካልተሰጠው አይለቅም። ነገሩን ላሰበው ግን አማርኛው አልተሳሳተም። በኒው ዮርክ ላይ የሰፈረው ዛር በየማታው የሚፈልገውን ያውቃል፤ ከተማዋም አንድ ማታ ሳታጓድል በፌስታል ታቀርብለት ነበር።

ሕዝቡ ራሱ ለአይጧ ያለው ስሜት የተደበላለቀ ነው። በሴፕቴምበር 2015 አንዲት አይጥ በማንሃተን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ከራሷ የሚበልጥ ቁራጭ ፒዛ እየጎተተች ስትወርድ ተቀረጸች። ቪዲዮው 14 ሴኮንድ ነው፤ ሚሊዮኖች አዩት። ጥቂት ደረጃ ወረደች፤ ከበዳት፤ ትታው ሄደች። የኒው ዮርክ ሰው ከኪራይ ቤቱ፣ ከሁለት ሥራውና ከባቡሩ ግፊያ ጋር የሚያደርገውን ትግል በዚያች አይጥ ላይ አየ። «የፒዛዋ አይጥ» ተብላ በዚያው ዓመት የጭምብል በዓል ልብስ ተሰፋላት። ያንኑ ሰሞን የአይጥ አቤቱታ ስልክም መደወሉን አላቆመም።

በመጨረሻ ከተማዋ ዓይኗን ከአይጧ ወደ ፌስታሉ መለሰች። መጀመሪያ የተቀየረው ሰዓቱ ነው። ቆሻሻ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ይወጣ የነበረው ከኤፕሪል 2023 ወዲህ በፌስታል ከሆነ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት እንዳይወጣ ተከለከለ፤ የአይጧ እራት በአራት ሰዓት ዘገየ። ቀጥሎ ክዳን መጣ። ከማርች 2024 ጀምሮ የንግድ ቤቶች በሙሉ፣ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ደግሞ እስከ ዘጠኝ መኖሪያ ያላቸው ሕንፃዎች ቆሻሻቸውን ክዳን ባለው በርሜል እንዲያወጡ ታዘዙ። ከንቲባው አዲሱን በርሜል በመንኮራኩሩ እየገፉ በጋዜጠኞች ፊት አስመረቁ። በርሜል ከድሮ ጀምሮ የነበራቸው ከተሞች ይህን ሲያዩ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

በዚያው ዓመት የከተማው ምክር ቤት በጉጉቱ በፍላኮ ስም የሚጠራ ሕግ አውጥቶ፣ በመርዝ ፋንታ ለአይጦች የወሊድ መቆጣጠሪያ በምግብ መልክ እንዲሞከር ወሰነ። ከትልልቆቹ ሕንፃዎች አብዛኞቹ ገና ተራቸውን እየጠበቁ ነው፤ የእነሱ ፌስታል ዛሬም መንገድ ዳር ይኮሻኮሻል። ቢሆንም ወደ ከተማው የሚመጣው የአይጥ አቤቱታ ከ2024 መጨረሻ አንስቶ ለተከታታይ ወራት ቀንሷል። ድመት፣ መርዝ፣ ደረቅ በረዶና ባልዲ ያልቻሉትን የላስቲክ ክዳን ጀመረው።

በርሜል በገባባቸው ጎዳናዎች ሲመሽ ጸጥታ አለ። አይጧ ትመጣለች፤ አዲሱን በርሜል ከሩቅ ታሸተዋለች፤ ትናንት ያልነበረ ነገር ነውና አታምነውም፤ ዞራው ታልፋለች። ነባሩ ነዋሪም ከሥራው ሲመለስ እዚያው ይደርሳል። ነፋስ የለም፤ ኮሽ የሚልም የለም። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ሁለት እርምጃ ወደ አስፋልቱ ፈቀቅ ብሎ ያልፋል።